ገናን ብዙ ሳናባክን ማክበር፦ ቤታችን ውስጥ የሠራውና ያልሠራው

«ለአካባቢ ተስማሚ» ተብሎ የሚሸጥ የገና ጌጥ አልገዛም። ቆጥቋጣ ስለሆንኩ አይደለም (ባለቤቴ ግን «ነህ» ትለኛለች)። ሣጥን ሙሉ ጌጥ እያለኝ ሌላ ብጨምር፣ ከቀርከሃ ይሠራ ከገለባ፣ ያው መጨመር ነው። እሱም ተመርቶ፣ ታሽጎ፣ በመኪና ተጭኖ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ኮከብ ግን ጉዳቱን ያደረሰው ያኔ ሲሠራ ነው። ዘንድሮ መልሼ ብሰቅለው ምንም አልጨምርም። ብጥለው ግን ቆሻሻ ይሆናል።

እኛ ቤት በዓሉ በዚህ ሐሳብ መከበር ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። የሞከርነው ብዙ ነው። አንዳንዱ ያለ ብዙ ድካም ልማድ ሆነ። አንዳንዱ ለጭቅጭቅ ብቻ ጠቀመ። ዘንድሮ ልጀምር ለሚል ሰው የትኛው ልፋቱን እንደሚክስ፣ የትኛው ደግሞ ቢቀር እንደሚሻል ልንገረው ብዬ ነው።

ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ዛፉ ነው። የተቆረጠ ይሻላል ወይስ የፕላስቲክ? ካርቦን ትረስት የተባለ የብሪታንያ ድርጅት አስልቶታል። ሁለት ሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ዛፍ 40 ኪሎ ግራም ያህል የካርቦን ልቀት አለበት። ያንኑ የሚያክል የተቆረጠ ዛፍ ከበዓሉ በኋላ ተፈጭቶ አፈር ላይ ከተበተነ ወይም ከተቃጠለ 3.5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ቆሻሻ ክምር ውስጥ ከተቀበረ ግን ወደ 16 ኪሎ ግራም ይወጣል። ዛፉ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ሙቀት በማመቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ25 ጊዜ በላይ ያስከነዳዋል።

ስለዚህ በየዓመቱ ተቆርጦ ከሚፈጭ ዛፍ ጋር ሲተያይ የፕላስቲኩ ዛፍ ዕዳውን የሚከፍለው ከአሥር ገና በላይ ሲያገለግል ነው። የእኛው ይህን አልፏል። መልኩ ግን አይጠየቅም። ከታች ያሉት ሁለት ቅርንጫፎች ከግንዱ ተነቅለው በሽቦ ታስረዋል። አንደኛው ጎኑ ስለሳሳ እሱን ወደ ግድግዳው እናዞረዋለን። ልጄ «ዛፋችን ራሰ በራ ሆነ» እያለች ትስቃለች። እንግዳ ግን እስካሁን ልብ ያለው የለም። መብራትና ጌጥ ሲደረግበት ሁሉም ያምራል።

ምክሬ አጭር ነው። የፕላስቲክ ዛፍ ካላችሁ እስኪበጣጠስ ድረስ ያዙት። ከሌላችሁ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ዘመድ ቤት ቆጥ ላይ የተረሳ አንድ ዛፍ አይጠፋም። የተቆረጠውን የምትወዱ ከሆነ ለዚሁ ተብሎ ከለማ ማሳ ይምጣ እንጂ ከጫካ አይቆረጥ። ከመግዛታችሁም በፊት ከበዓሉ በኋላ የት እንደሚሄድ ወስኑ፤ ከላይ እንዳያችሁት አብዛኛው ልዩነት ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ዛፍ የሚባል ነገር የላትም። ከግቢዋ የተገረዘ ደረቅ ቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ ሰቅላ መብራት ትጠመጥምበታለች። እውነቱን ለመናገር ከእኛው ይበልጣል። ብቻ የፕላስቲኩ ሲያረጅ አታቃጥሉት። አብዛኛው የሚሠራው ፒቪሲ ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው።

መብራት ላይ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ቤቱ ውስጥ ዛፉን በ80 ትንንሽ አምፖሎች ካስጌጠ ወዲህ የገና መብራት ብዙ ተቀይሯል። የአሁኖቹ ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ከድሮዎቹ ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። ይህን የሰማ ሁሉ የድሮውን አውጥቶ ይጥላል። ቆይ፣ እስቲ እናስላው። መቶ ትንንሽ የድሮ አምፖል ያለበት ገመድ 40 ዋት ገደማ ይወስዳል። ማታ ማታ ለስድስት ሰዓት ቢበራ በአሥር ቀን 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 2 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ ከሚፈጀው አይበልጥም። ደህና የሚሠራ ገመድ ለዚህ ብሎ መጣል አይታየኝም። እስኪሞት ይሥራ፤ ሲሞት በኤል ኢ ዲ ተኩት። አንድ ነገር ግን አለ። የድሮው አምፖል ይግላል። የደረቀ የተቆረጠ ዛፍ ላይ ከሆነ የእሳት ነገር ስለሆነ ያኔ ኤል ኢ ዲ ይሻላል።

«ሞተ» ከማለታችሁ በፊት ደግሞ ፈትሹት። የድሮው ዓይነት ገመድ ላይ አምፖሎቹ አንዱ ከአንዱ ተከታትለው የተገናኙ ናቸው። አንዱ ከላላ ወይም ከተሰበረ ገመዱ እንዳለ ይጠፋል። ሰው ገመዱን የሚጥለው ለአንድ አምፖል ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ ከሶኬት እነቅለውና ጠረጴዛ ላይ እዘረጋዋለሁ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሬ እያንዳንዱን አምፖል በጣቴ ጫን አደርገዋለሁ። የላላ ካለ ጠቅ ብሎ ሲገባ ይሰማል። ካልሆነ አንድ በአንድ እያወጣሁ ከሥራቸው ያሉትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አያለሁ። ብዙ ጊዜ አንዷ ታጥፋ ከጎን ተጣብቃ ትገኛለች። በጥፍር ቀና አድርጎ መመለስ ነው። መስተዋቱ የጠቆረ አምፖል ካለ እሱ ተቃጥሏል፤ ከሌላ ከሞተ ገመድ ተመሳሳይ ቮልት ያለው ተወስዶ ይተካል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሬዲዮ ከፍቼ ነው የምሠራው። የገመዱ ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ሽቦው ከታየ ግን አትሞክሩት። እሱ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ይሂድ፤ ውስጡ ያለው መዳብ ተመልሶ ይሠራል።

መጠቅለያ ወረቀት ትንሽ ነገር ይመስላል። ብዙም ከባድ አይደለም። ግን በግማሽ ደቂቃ ተቀዶ የሚጣል ስለሆነ ያናድደኛል። መልሶ መጠቀሚያ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ወረቀቱን በእጃችሁ ጭምድድ አድርጋችሁ ልቀቁት። እንደተጨመደደ ከቀረ ወረቀት ነው። ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ወይም የብረት ሽፋን አለበት፤ ከወረቀት ጋር አይቀላቀልም። የሚያብለጨልጭ ዱቄት የተነሰነሰበትም እንዲሁ ነው። ያ ብልጭልጭ ባብዛኛው ፕላስቲክ ነው። በጣም ደቃቅ ስለሆነ ከታጠበ በኋላ ማን ይይዘዋል? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ልቅ የፕላስቲክ ብልጭልጭ ከገበያ ማስወጣት የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ ቤት የቀረው ከዚያም በፊት ነው፤ ምንጣፍ የምጠርገው እኔ ነኛ።

አሁን የምንጠቀልለው በጨርቅ ነው። ያረጀ ሻርፕ፣ ከልብስ ስፌት የተረፈ ቁራጭ፣ የትራስ ልብስ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። ዕቃው መሐል ላይ ይቀመጣል። ሁለቱ ትይዩ ጫፎች ከላይ ይቋጠራሉ፤ ከዚያ የቀሩት ሁለቱ በእነሱ ላይ ይታሰራሉ። ፕላስተር አያስፈልግም፤ መቀስ አያስፈልግም። ጃፓኖች ይህን ሥራ ፉሮሺኪ ብለው ጥበብ አድርገውታል። የእኛ ቋጠሮ ጥበብ አይባልም፤ ግን ይይዛል። ጨርቁ የስጦታው አካል ይሁን ወይስ ይመለስ የሚለው አስቀድሞ ይነገር። አለበለዚያ ሻርፓችሁ በዚያው ይቀራል።

ከዚህ ሌላ ቤተሰባችን ውስጥ የምትዞር አንዲት የወረቀት ቦርሳ አለች። ታች ጥግ ላይ የተቀባዮቿ ስም በእርሳስ ተጽፏል። የማን ስም ከማን በኋላ እንደመጣ ማየት አሁን ከስጦታው በላይ ያስቃል። ባለፈው መያዣዋ ሲበጠስ እህቴ በክር ሰፍታ መለሰቻት። ማንም አዝዟት አይደለም።

ስጦታው ራሱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። እዚህ ጋ ነገሩ የዕቃ ሳይሆን የሰው ነው። ትልልቆቹ ዕጣ እናውጣ ብለን ተስማማን። እያንዳንዱ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል። በዚህ ብቻ የዕቃው ብዛት በብዙ እጥፍ ወረደ። ለአንድ ሰው ብቻ ስታስቡ የሚፈልገውን ታውቃላችሁ፤ ካላወቃችሁም ትጠይቃላችሁ። መጠየቅ ስጦታን ያረክሳል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ቁም ሣጥን ውስጥ ታሽጎ የሚያረጅ ዕቃ ነው ስጦታን የሚያረክሰው።

አስቸጋሪው የልጆች ነገር ነበር። እናቴን «እማዬ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ አንዳንድ ነገር ብቻ ብንሰጣቸው ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«በዓል መስሎኝ! ልጅ በዓመት አንዴ ቢደሰት ምን አለበት?»

ተከራከርኩ። ቁጥር ጠቀስኩ። ፊቷ እየከበደ ሄደ። ዝም ብዬ ብተወው ይሻል ነበር መሰለኝ፣ ግን ባለቤቴ ቀድማኝ ነገሩን በሌላ በኩል ያዘችው። «እማዬ፣ ያቺ የአሻንጉሊት ልብስ እኮ አልቃባታለች፤ አንድ ብትሰፊላት?» አለቻት። እናቴ ወዲያው መነጽሯን ፈለገች። ያ በዓል ሲደርስ ልጄ ከአሮጌ ሸሚዝ የተሰፋ ካፖርት ያላት አሻንጉሊት ነበራት፤ እናቴም ስለ ሌሎቹ ስጦታዎች ማነስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዚህ የተረዳሁት አያቶችን «አትስጡ» ማለት እንደማያዋጣ ነው። የሚሰጡት ነገር ስጧቸው። መስፋት የሚችል ይስፋ፤ ታሪክ የሚያውቅ ያውራ፤ ልጁን ይዞ የሚወጣ ይውጣ።

ያገለገለ ዕቃ መስጠት አያሳፍርም። መጽሐፍ፣ ብስክሌት፣ የሙዚቃ መሣሪያ ከሌላ ሰው እጅ ቢመጣ ለልጅ ያው ነው። አጽዱት፣ የላላውን አጥብቁት፣ ጎማውን ንፉት። በባትሪ የሚሠራ አሻንጉሊት ከሆነ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አብራችሁ ስጡ። የሚጣለው ባትሪ ሲያልቅ አሻንጉሊቱም አብሮት ይጣላልና።

ያልሠሩ ነገሮችም አሉ። የብርቱካን ቁራጭ አድርቀን ጌጥ ሠራን። አምሮ ነበር፤ ጉንዳን ግን ከእንግዳ ቀድሞ ደረሰ። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ሳሙና ሠርቶ የመስጠቱ ዕቅድም እዚያው ቀረ። ጥሬ ዕቃው፣ ጠርሙሱ፣ ሽቱው ሲደመር ከተገዛ ሳሙና የባሰ ቆሻሻ አወጣ። በእጅ የተሠራ ሁሉ ብክነት የለበትም ማለት አይደለም።

ወደ ምግብ ልግባ። ከመጠቅለያና ከመብራት ይልቅ ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ለተጠቃሚ ከቀረበው 19 በመቶው ማለት ነው። ከዚያ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከየቤቱ ነው። ሆቴልና ሱቅ ላይ ጣት መቀሰር ያምረናል፤ አብዛኛው ግን ከእኛው ማድ ቤት ይወጣል። ሲደፋ ደግሞ ምግቡ ብቻ አይደለም የሚደፋው። የበቀለበት ውሃ፣ ያመላለሰው ነዳጅ፣ የበሰለበት እሳት አብሮ ይሄዳል።

በበዓል ሰው የሚያበዛው ለምን እንደሆነ ይታወቃል። «ከማነስ ይትረፍ» ነው ነገሩ። እንግዳ ፊት ማነስ ያሳፍራል። ይህን ስሜት በምክር ማጥፋት አይቻልም፤ እኔም የለብኝም አልልም። የተቻለው ትርፉን አስቀድሞ ማሰብ ነው። ስንጋብዝ «ክዳን ያለው ዕቃ ይዛችሁ ኑ» እንላለን። መጀመሪያ ሰው ቀልድ መሰለው። አሁን ባዶ እጁን የመጣ ራሱ ይቆጨዋል። ማንም ሳይጠግብ አይሄድም፤ የተረፈው ደግሞ በየቤቱ ለማግስቱ ምሳ ይሆናል።

የሚመጣውን ሰው ቁጥር ደውላችሁ አረጋግጡ። «ይመጡ ይሆናል» ለሚባሉት ተብሎ የሚሠራው ነው ብዙ ጊዜ የሚደፋው። ሁሉንም አንዴ ጠረጴዛ ላይ አታቅርቡ። ግማሹ ማድ ቤት ይቆይ፤ ሲያልቅ ይጨመር። ሰው የነካካውን ማስቀመጥ ይከብዳል፤ ያልተነካው ግን ይቀመጣል። የበሰለ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ትልቅ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ መሐሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ዝቅ ዝቅ ባሉ ዕቃዎች ከፋፍሉት። ፍሪጁ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሦስት አራት ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ የማይበላውን ያኔውኑ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ በሦስተኛው ቀን «ምን እናድርገው» ከማለት ያድናል። ልጣጭና የአትክልት ትርፍራፊ ኮምፖስት (ለአፈር የሚሆን ብስባሽ) ይሆናል። ሥጋና ቅባት ግን አይጥ ስለሚጠራ እኛ አንጨምርበትም።

ሥጋ ከተነሣ፣ የበሬ ሥጋ ከባቄላና ከአተር ጋር ሲወዳደር የሚያስከትለው ልቀት በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። በዓልን ያለ ሥጋ አክብሩ ብዬ ማንንም አልሰብክም፤ የእኔም ቤት አይሰማኝም። የአትክልቱን ምግብ ግን ከዳር አናስቀምጠውም። ቅመም ይገባበታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፣ መሐል ላይ ይቀርባል። ያኔ ሰው ራሱ ያነሳዋል፤ የሥጋው መጠንም ሳይወራበት ይቀንሳል።

ሰው ሲበዛ የሚመጣው ፈተና የሳህን ነው። የሚጣል ሳህንና ብርጭቆ ቀላል ይመስላል። ማታ ላይ በፌስታል ታስሮ ሲወጣ ግን ያሳፍራል። እኛ ከጎረቤት እንዋሳለን። እንዳይቀላቀል ከሥሩ ትንሽ ፕላስተር ለጥፈን ስም እንጽፍበታለን። እጥበቱ የጋራ ነው። ባለፈው ሁለት የአጎቴ ልጆች ሲያጥቡ የቆየ ኩርፊያቸውን እዚያው ተነጋግረው ጨረሱ። ሳህን ግን አንድ ሰብረዋል።

ስለ ሻማ ብዙ አልልም። ብዙው ፓራፊን ነው፤ የሚመጣው ከነዳጅ ዘይት ነው። የንብ ሰም ካገኛችሁ ጥሩ። የቀድሞ ጉማጆች ካሏችሁ ግን እነሱ ይቅደሙ።

ሩቅ አገር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። የአንድ ረጅም በረራ ልቀት ከላይ ያልኩትን ዛፍና መብራት ሁሉ አንድ ላይ ይውጠዋል። ወላጅን በበዓል አትዩ የሚል ምክር የለኝም። ከተሄደ ሰንበት ብሎ መመለስ፣ በየብስ የሚደረስ ከሆነም በአንድ መኪና ሰብሰብ ብሎ ወይም በባቡርና በአውቶቡስ መጓዝ ነው። ሁለት ቤተሰብ በሁለት መኪና አንድ ቤት ሲደርስ ሳይ ይገርመኛል።

በዓሉ ሲያልፍ ያለው አንድ ከሰዓት ለሚቀጥለው ዓመት ይጠቅማል። መብራቱን ካርቶን ላይ ጠምጥሙት፤ በጉልበት የሚፈታ ገመድ ነው ቶሎ የሚበጠሰው። ሪባንና ክር ሰብስቡ። ደህናውን ወረቀት አለሳልሳችሁ አጣጥፉት። ካርዶችን አትጣሉ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኮል እ.ኤ.አ. በ1843 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ለሽያጭ የታተመ የገና ካርድ ካሳተመ ወዲህ ካርድ መላክ ልማድ ሆኗል፤ የምስሉ ገጽ ተቆርጦ ቢወጣ ግን ለሚመጣው ዓመት ስጦታ የስም መለያ ይሆናል። ሲከፈቱ የሚዘምሩትን ካርዶች ብቻ ለብቻ አድርጓቸው። ውስጣቸው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ልጅ ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ እንኳ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ልጆች በሌሉበት አውጧት፣ ሁለቱን ፊቷን በፕላስተር ሸፍኑ፣ ያገለገለ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ እስክትወስዷት ድረስ የልጅ እጅ በማይደርስበት ከፍታ አስቀምጧት። የተረፈው ካርድ ከወረቀት ጋር ይሄዳል።